በርጫ እረፍት ነው ወይ? ከድሬዎች ስለ ድካምና ጭንቀት የመጡ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ። ስለ ጭንቀት፣ ስለ እንቅልፍና ራስን ስለ ማሳረፍ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥቂቶቹ እነሆ።

እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ጠዋት ከፍቼ ማታ ነው የምዘጋው። ለራሴ የሚሆን ጊዜ ከየት ላምጣ?

አቦ፣ ያለህን ጊዜ መጀመሪያ እይ። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ገበያው ራሱ ይቀዘቅዛል። ያቺን ሰዓት ስልክ ነው የሚበላት። ስልክህን ራቅ አድርገህ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጋደም በል። ከዚያ ካለፈ እንቅልፉ ይጠልቅና ስትነሳ ራስህን ይከብድሃል። ከ9 ሰዓት በኋላ ደግሞ ባትተኛ ይሻላል፤ የሌሊቱን ይሻማብሃል።

እኔ ጭንቀቴን የምረሳው በርጫ ላይ ነው። እሱስ እረፍት አይደለም?

ይሄ ጥያቄ በብዛት መጥቷል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል። አንተ ፍራሽ ላይ ተደግፈሃል፤ ሰውነትህ ግን ሥራ ላይ ነው። ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ይመጣል። ያንን በጨብሲ ላጥፋው ካልክ ባሰ፤ መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊቱ ሲጋመስ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል።

በእኔ እይታ በርጫ ላይ የሚያሳርፍህ ጓደኛና ጨዋታ ነው። እነሱን አትተው። በሳምንት የተወሰነ ቀን ያለ ጫት ተገናኙ፤ ሻይ አለ፣ ካርታ አለ። ለዓመታት በየቀኑ ስትቅም ከነበረ መጀመሪያ ላይ ድካም፣ ንጭንጭና ቅዠት ሊኖር ይችላል። ያልፋል። የደም ግፊት ካለብህ ግን ለሐኪምህ ሳትደብቅ ንገረው።

ልጆቼ ትንንሽ ናቸው፣ ሥራም አለኝ። ለራሴ ጊዜ ስወስድ ራስ ወዳድ የሆንኩ ይመስለኛል።

አይደለሽም እህቴ። ግን ምክር ብቻውን ምን ይረባሻል? ልጆቹን የሚይዝልሽ ሰው ያስፈልጋል። ባልሽ፣ እህትሽ ወይም ጎረቤትሽ በሳምንት ሁለት ምሽት ይቀበሉሽ፤ ቀኑንም ቁረጡት። "ሲመች" የተባለ ነገር መቼም አይመችም። ፀሐይ ስትበርድ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር መራመድ በነፃ ነው። ያቺን ሰዓት ልብስ አጥበሽ እንዳታሳልፊያት ብቻ!

ሙቀቱ አያስተኛኝም።

ሰውነት እንቅልፍ እንዲወስደው ትንሽ መቀዝቀዝ አለበት። ከመተኛትህ በፊት ለብ ባለ ውሃ ታጠብ። እግርህንና አንገትህን በእርጥብ ጨርቅ አብስና ቬንትሌተር ክፈት። ቡናህንም ጠይቀው፤ 10 ሰዓት ላይ ከጠጣኸው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይም ሰውነትህ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ቅዳሜና እሁድ ሐረር ብወጣ ይሻለኛል?

ውጣ እንጂ! መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የደንገጎን ዳገት ስትወጣ አየሩ ይለወጥልሃል። ጀጎል ውስጥ መኪና በማይገባባቸው ጠባብ መንገዶች ዝም ብሎ መዞርም ደስ ይላል። ግን በወር አንዴ ሐረር ወጥተህ በቀረው ቀን ሁሉ ሌሊቱን 5 ሰዓት ብቻ እየተኛህ ብትቀጥል ለውጥ የለውም።

በጥልቅ መተንፈስ የሚባለው እውነት ይሠራል?

ይሠራል፤ በተለይ አየሩን ቀስ ብለህ ስታስወጣ የልብ ምት ይረጋጋል። 4 እየቆጠርክ አስገባ፣ 6 እየቆጠርክ አስወጣ። ለ5 ደቂቃ። ባጃጅ ነጂዎች ተራ ስትጠብቁ ሞክሩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ባይሻለኝስ?

ከ2 ሳምንት በላይ ሐዘኑ ካልለቀቀህ፣ የምትወደው ነገር ሁሉ ካስጠላህ፣ ጉዳዩ ከእረፍት አልፏል። ጤና ጣቢያ ወይም ድል ጮራ ሆስፒታል ሂድ። ፀበል ወይም ዱዓ ላይ ያለህም ሕክምናውን ጎን ለጎን ማድረግ ትችላለህ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ነገ አትበል፤ ለቅርብ ሰው ተናግረህ ዛሬውኑ አብራችሁ ሂዱ።