ስማችሁ የማይጻፍበት ወረቀት

ውድ ልጆቼ፣

በክልል መንግሥት ቢሮ የፖሊሲ ባለሙያ ሆናችሁ ልትገቡ ነው፤ ወይም ገብታችሁ ገና ወር አልሞላችሁም። አብዛኞቻችሁ ትልቅ ሐሳብ ይዛችሁ እንደምትመጡ አውቃለሁ። እኔም ይዤ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ግን ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ሠንጠረዥ ማስተካከል ሆነ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

አይክፋችሁ። ጠዋት ስትገቡ ማዕከላዊው መንግሥት የሕግ ረቂቅ ልኮ «አስተያየት ስጡበት» ብሏል። የፋይናንስ ሰዎች ብሩ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቃሉ። የሕግ ክፍሉ አንዲት ቃል አልጣመችውም። ኃላፊው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ላለባቸው ስብሰባ የአንድ ገጽ ማስታወሻ ይፈልጋሉ። አንድ ገጽ ከተባለ አንድ ገጽ ነው። ፊደል አሳንሳችሁ ብታጭቁበት ይነቃባችኋል።

ስዊዘርላንድ 26 ካንቶኖች (እንደ ክልል ያሉ ናቸው) አሏት። የፌዴራሉ መንግሥት በትልልቅ ረቂቆች ላይ አስተያየት እንዲሰጡ ቢያንስ ሦስት ወር ይሰጣቸዋል። የዙሪክ ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ይበልጣል፤ የአፔንዜል ኢነርሮደን ግን ወደ 16 ሺህ ገደማ ነው። ለሁለቱም የሚደርሳቸው ረቂቅ አንድ ነው። እጅ ባነሰበት ቢሮ አንድ ሰው ስንት ዶሴ እንደሚሸከም መገመት አያቅትም። እዚያ የሚያዋጣው ትልቁ ችሎታ መተው ነው፦ እኛን የሚነካውን ለይቶ መያዝ፣ የማይነካውን «አስተያየት የለንም» ብሎ በጊዜ መሸኘት።

ስልክ መደወልም ሥራ ነው። በጀርመን የ16ቱ ክልሎች መንግሥታት በቡንደስራት፣ ማለትም ክልሎቹ በፌዴራል ሕጎች ላይ ድምፅ በሚሰጡበት ምክር ቤት፣ 69 ድምፅ አላቸው። አንድ ክልል ያለውን ድምፅ ከፋፍሎ መስጠት አይችልም። ለማጽደቅ 35 ድምፅ ስለሚያስፈልግ፣ ድምፀ ተዓቅቦ ከተቃውሞ አይለይም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት 2002 የብራንደንቡርግ ክልል ተወካዮች በስደተኞች ሕግ ላይ አንዱ «አዎ»፣ ሌላው «አይ» አሉ። ሰብሳቢው ድምፁን ድጋፍ ብለው ቆጠሩት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። አብረው የሚያስተዳድሩ ፓርቲዎች የት ላይ እንዳልተስማሙ ከስብሰባው በፊት ደውሎ የሚያጣራ ሰው መኖር አለበት። ብዙ ጊዜ ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

እኔ ግን ለወጣቶች ደጋግሜ የማነሳው የፌስታልን ጉዳይ ነው። ከብሪታንያ አራት ግዛቶች አንዷ የሆነችው ዌልስ በአውሮፓውያኑ 2011 ለአንድ ፌስታል 5 ፔኒ (የብሪታንያ ሳንቲም) ማስከፈል ጀመረች። ሰሜን አየርላንድ በ2013፣ ስኮትላንድ በ2014 ተከተሉ። እንግሊዝ ከሁሉም በኋላ በ2015 ገባች። ከላይ ሲታይ ያው አንድ ሐሳብ ነው፤ ኮፒ ፔስት የተደረገ ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። የዌልሱ ደንብ ትንሽ ትልቅ ሳይል ሱቆችን ሁሉ ይዟል፤ የወረቀት ከረጢትም ያስከፍላል። የእንግሊዙ የፕላስቲኩን ብቻ ነው የነካው፤ ከ250 ሠራተኛ በታች ያለውን ነጋዴም ነፃ አደረገ። ነፃነቱ የተነሳው በ2021 ነው፤ ያኔ ክፍያውም 10 ፔኒ ገባ። ጋዜጣ የሚጽፈው ስለ 5 ፔኒዋ ነው። ባለሙያው የሚያድረው ግን «ፌስታል ማለት ምን ማለት ነው?» እና «ከስንት ሠራተኛ በላይ?» የሚሉት ላይ ነው። እነዚያ ሁለት መስመሮች ናቸው ደንቡን ደንብ የሚያደርጉት።

እኔ ራሴ በእንዲህ ያለች መስመር ወድቄያለሁ። ለአረጋውያን የትራንስፖርት ድጎማ ረቂቅ ስናዘጋጅ አራት ወር ፈጀ። የሌሎች ክልሎችን ተሞክሮ አነበብኩ፣ ሠንጠረዥ ሠራሁ፣ ወጪውን በሦስት መልክ አሰላሁ። ማመልከቻው ላይ የነዋሪነት ማስረጃ እንዲያያዝ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገርም ጨመርኩ። ማን ይቃወማል? ማንም አልተቃወመም። ድጎማው ሲጀመር ግን አመልካች ጠፋ።

ቸግሮኝ ማመልከቻ ወደምትቀበለው ሠራተኛ ደወልኩ። ነገሩን በአምስት ደቂቃ ጨረሰችው። ማስረጃው የሚሰጠው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ቢሮው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። «በትራንስፖርት ለመሄድ እርዳታ የሚያስፈልገውን ሰው ነው ደረጃ የምታስወጡት?» አለችኝ። «የጡረታ ደብተራቸው ላይ አድራሻቸው አለኮ።» ምን እላለሁ? ዝም አልኩ።

ዓረፍተ ነገሩን ለማስወጣት ሌላ ሁለት ወር ለፋን። ማሻሻያው ላይ ኃላፊው ፈረሙ። የእኔ ስም የትም የለም፤ የእሷማ ጭራሽ። ያቺ መስመር የማን እንደነበረች ግን ቢሮው በሙሉ ያውቃል፤ አሁንም ሻይ ላይ ያነሱብኛል።

ከዚያ ወዲህ ረቂቅ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምደውለው ለእሷ ነው። ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ተተኪዋን እንድታስተዋውቀኝ ጠይቄያታለሁ፤ «መጀመሪያ ይቀጠር» አለችኝ።