በርሊን ሄጄ ልፈልግ ወይስ አግኝቼ ልሂድ?

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። 26 ዓመትሽ ነው። በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ከምናምን ሰርተሻል። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው፣ ጀርመንኛ ገና አልጀመርሽም። በርሊን ያለችው ጓደኛሽ "አንቺ ነይ ብቻ፣ ሁለት ወር እኔ ጋ ታርፊያለሽ፣ ስራው እዚህ ሆነሽ ይገኛል" ብላሻለች። የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው፦ ሄጄ ልፈልግ ወይስ አግኝቼ ልሂድ? ስራዬንስ አሁኑኑ ልልቀቅ?

መሄዱን እደግፋለሁ። ዕድሜሽም ሙያሽም ይፈቅድልሻል። ግን ስራ ፍለጋው የሚጀመረው አውሮፕላን ስትሳፈሪ አይደለም፣ ዛሬ ነው። እዚያ የሚሰጥሽ ጊዜ የተቆጠረ ነው፤ ካለሽበት ሆነሽ መጨረስ የምትችይውን ነገር ሁሉ አንጠልጥለሽ ከሄድሽ፣ ያ የተቆጠረ ጊዜ በወረቀትና በቋንቋ ኮርስ ያልቅብሻል።

በመጀመሪያ "በቱሪስት ቪዛ ልግባና ስራ ሳገኝ እቀይረዋለሁ" የሚሉሽን አትስሚ። በቱሪስት ቪዛ መስራት ክልክል ነው። ስራ ብታገኚ እንኳን በአብዛኛው ከአገሩ ወጥተሽ፣ ኤምባሲ ሄደሽ፣ ከዜሮ ማመልከት ይጠበቅብሻል። ቀጣሪው እስከዚያ ይጠብቅሽ ይሆን? እንጃ።

ለአንቺ የሚሆነው ቻንሰንካርተ የሚሉት ነው፤ አንዳንዱ ኦፖርቹኒቲ ካርድ ይለዋል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው የሚሰጠው። ስራ ሳይኖርሽ ገብተሽ እስከ አንድ ዓመት ድረስ እንድትፈልጊ ይፈቅዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መስራት ትችያለሽ፣ አንድ ቀጣሪ ጋም እስከ ሁለት ሳምንት ለሙከራ መግባት ይቻላል። መነሻው ባገኘሽበት አገር የታወቀ ዲግሪ ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ስልጠና፣ ከዚያ ወይ ኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) ጀርመንኛ ወይ ቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ያለ) እንግሊዝኛ ነው። በዚያ ላይ 6 ነጥብ መሙላት አለብሽ።

እስቲ ያንቺን እንቁጠረው። ዕድሜሽ ከ35 ስላልበለጠ 2 ነጥብ። ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ በተማርሽበት ሙያ ቢያንስ 2 ዓመት ስለሰራሽ 2 ነጥብ። ኢንጂነሪንግ የሰው እጥረት ካለባቸው ሙያዎች ውስጥ ስለሆነ 1 ነጥብ። 5 ሆነ፣ አንድ ጎደለሽ። እሷን አንድ ነጥብ በሁለት መንገድ ልትሞያት ትችያለሽ፦ ወይ በእንግሊዝኛ ሲ1 ደረጃ ፈተና፣ ወይ በጀርመንኛ ኤ2። በጀርመንኛው ቢ1 ከደረስሽ እንዲያውም 2 ነጥብ ነው፣ ቢ2 ደግሞ 3።

እንግሊዝኛው ላንቺ ቀላል እንደሚሆን አውቃለሁ። እኔ ግን ጀርመንኛውን ምረጪ ነው የምልሽ። ምክንያቱም ካርዱ የሚያስገባሽ በሩን ብቻ ነው። በርሊን ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሰራባቸው ድርጅቶች አሉ፣ ብዙዎቹ ግን የሶፍትዌር ናቸው። ያንቺ ሙያ ፓነል ፊት ቆሞ ከቴክኒሻን ጋር መነጋገር፣ የደህንነት መመሪያ ማንበብ፣ ለደንበኛ ማስረዳት ነው፤ ይሄ ሁሉ በጀርመንኛ ነው የሚሆነው። ለነጥቡ ኤ2 ይበቃል፣ ለስራው ግን ቢ1ን ጨርሰሽ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። ወራት ይወስዳል፣ አዎ። እነዚያን ወራት ደሞዝ እየበላሽ ካለሽበት ብታሳልፊያቸው ይሻላል ወይስ በርሊን ላይ ኪራይ እየከፈልሽ?

ነጥቡን ከመቁጠርሽ በፊት ግን አናቢን የሚባለውን የጀርመን የውጭ አገር ዲግሪዎች ዳታቤዝ እዪ። ዩኒቨርሲቲሽና ዲግሪሽ ሁለቱም እዚያ ውስጥ ተቀባይነት ያላቸው ሆነው ከተገኙ እንደ ሙሉ ባለሙያ ትቆጠሪያለሽ፣ ነጥብ የሚባል ነገርም አያስፈልግሽም። ዲግሪሽ ካልተመዘገበ ደግሞ ግምገማ ማስደረግ ይቻላል፣ እሱም ጊዜ ስለሚፈጅ ነገ ዛሬ አትበይ። ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ የሚባለው የመንግስት ድረ ገጽ ላይ ብቁ መሆንሽን የምትፈትሺበት አጭር መጠይቅ አለ። ማመልከቻውም በራሳቸው የቆንስላ ፖርታል በኢንተርኔት ይሞላል። "ካርዱን እኔ አስጨርስልሻለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ሊሰጥሽ የሚችለው ምንም ነገር የለውም። የሚወስኑት የጀርመን ባለስልጣናት ብቻ ናቸው።

ገንዘቡን በደብዳቤሽ ላይ ዝም ብለሽ አልፈሽዋል፣ ስለዚህ እኔ ላንሳው። ራስሽን መቻልሽን ማሳየት አለብሽ። እ.ኤ.አ. በ2025 የተጠየቀው በወር 1,091 ዩሮ ነበር፣ ለ12 ወር 13,092 ዩሮ ማለት ነው። መጠኑ ስለሚቀየር ስታመለክቺ አረጋግጪ። ብዙ ሰው ብሎክድ አካውንት ከፍቶ ያስገባዋል፣ በየወሩ የተወሰነው ብቻ ነው የሚለቀቅልሽ። ጀርመን ያለ ሰው ዋስ ሊሆንሽ ይችላል፣ ወይም የትርፍ ሰዓት ስራ ውል ቀድመሽ ካገኘሽ እሱም ይታሰብልሻል። "እዚያ ስደርስ እየሰራሁ እሸፍነዋለሁ" የሚለውን ደግሞ በቁጥር እዪው። ዝቅተኛው ደሞዝ እ.ኤ.አ. ከጥር 2026 ጀምሮ በሰዓት 13.90 ዩሮ ነው። 20 ሰዓት ብትሰሪ በወር 1,200 ዩሮ ገደማ፣ ያውም ተቀናሽ ሳይነሳለት። ያኖራል፣ ከጓደኛሽ ቤት ስትወጪ ግን የበርሊን ኪራይ ይፈትንሻል። ተጨማሪ ሰዓት ልስራ የሚል ፈተና ሲመጣ ደግሞ ፈቃድሽን አደጋ ላይ ትጥያለሽ፣ ፍለጋውም ይረሳል። ለትርፍ ስራው ቀኖቹን ለይተሽ ያዢ፤ የቀሩት ቀናት የፍለጋ ናቸው፣ ማንም አይንካብሽ።

አሁን አንድ ስራ ልስጥሽ። ዛሬ ማታ ሊንክድኢን ወይም የጀርመን የቅጥር ኤጀንሲ ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ በሙያሽ 20 ማስታወቂያ ክፈቺ። አትወዳደሪ፣ አንብቢ ብቻ። ከእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፊ፦ ስንት ደረጃ ጀርመንኛ እንደሚጠይቅ፣ የትኛውን ሶፍትዌር፣ የትኛው ከተማ እንደሆነ። ኢፕላን የሚለው የኤሌክትሪክ ዲዛይን ሶፍትዌርና የሲመንሱ የማሽን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ቲአይኤ ፖርታል እየተመላለሱ ሊመጡብሽ ይችላሉ። ከመጡ፣ እስክትሄጂ ድረስ የምትማሪው ነገር ታወቀ ማለት ነው። ሲቪሽንም የምታስተካክይው በዚያ ነው፤ "ታታሪና በቡድን መስራት የምችል" የሚለውን አውጪና የትኛውን ሰብስቴሽን ወይም የትኛውን ፓነል እንደሰራሽ፣ በስንት ኪሎ ቮልት፣ ያንቺ ድርሻ ምን እንደነበር አስገቢ።

ከተማውን የማስጽፍሽ በምክንያት ነው። ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች በርሊን ላይሆኑ ይችላሉ። የሲመንስ ዋና መሥሪያ ቤት ሙኒክ ነው፣ ቦሽ ያለው ሽቱትጋርት አካባቢ ነው፣ በእነሱ ዙሪያ ደግሞ ስማቸውን ሰምተሽ የማታውቂ መካከለኛ ፋብሪካዎች በትናንሽ ከተሞች ተበትነዋል። ካርዱ የሚሰራው ለመላው ጀርመን ነው። በርሊንን የመረጥሽው ጓደኛሽ ስላለች ነው፣ ይገባኛል፣ ለማረፊያ ጥሩ ነው። ለማመልከት ግን ራስሽን እዚያ አትገድቢ።

ስለ ጓደኛሽ ካነሳን አይቀር፣ ስራም እንድታገኝልሽ አትጠብቂ። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ስራ ያገኙት ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው እንደሆነ አሳይቷል። ነገሩ ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኛሽ የምታውቀውን አንቺም ታውቂያለሽ፤ አዲስ ወሬ ያለው ራቅ ያለው ሰው ጋ ነው። ከአንቺ በፊት የተመረቁ ጀርመን ያሉ ኢንጂነሮችን ፈልጊ። ስትጽፊላቸው "ስራ ፈልጉልኝ" አትበይ፣ ሰውን ያስጨንቃል። "እርስዎ የመጀመሪያውን ስራ ሲያገኙ ጀርመንኛዎ ስንት ደረጃ ላይ ነበር?" ብለሽ አንድ የሚመለስ ጥያቄ ጠይቂ። ይመልሱልሻል። ሁሉም ባይሆኑ የተወሰኑት።

ጓደኛሽን ግን ዛሬውኑ ደውለሽ አንድ ነገር ጠይቂያት። ጀርመን ቤት ስትገቢ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻሽን ማስመዝገብ አለብሽ፣ አንሜልዱንግ ይሉታል። ለዚህ ደግሞ ያስጠጋሽ ሰው የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። አከራይዋ ፈቅደው ልትፈርምልሽ ትችላለች? ወይስ ሶፋ ብቻ ነው ያላት? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሳትመዘገቢ የታክስ ቁጥር ማግኘት ይከብዳል፣ ብዙ ባንኮችም ይጠይቁሻል። ሌላ ቤት ስትፈልጊ ደግሞ "ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ፣ ቀብዱን አስገቢ" የሚል አከራይ ከገጠመሽ ሌባ ነው። ሳታዪው ሳንቲም አትክፈይ።

የምትሄጂበትን ወርም አስቢበት። በታህሳስ በርሊን ላይ ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ይመሻል። ሰው ሳታውቂ፣ ማመልከቻ ልከሽ መልስ እየጠበቅሽ ያን ጨለማ መጀመር ከባድ ነው። ከቻልሽ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ግቢ።

ስራሽን አሁን አትልቀቂ። ቪዛው ፓስፖርትሽ ላይ እስኪመታ ድረስ አትልቀቂ። ማመልከቻው መቼ እንደሚመለስ ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይነግርሽም፣ ደሞዝሽ ደግሞ ለብሎክድ አካውንቱ ያስፈልግሻል። የስራ ልምድ ደብዳቤውን ግን ከአሁኑ መጠየቅ ጀምሪ። ያ 2 ነጥብ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። "እገሊት እዚህ ሰርታለች፣ መልካም ዕድል" የሚል ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ አይጠቅምሽም። የስራ መደብሽ፣ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን እንደሰራሽ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ምን ምን ትሰሪ እንደነበር በዝርዝር ይግባበት። የሰው ሀብት ክፍሉ በዚህ መልክ መጻፍ ካልለመደ አንቺው ረቂቁን አዘጋጅተሽ ውሰጂላቸው። ማህተሙና ፊርማው ላይ ቀኑ መኖሩን ሳታዪ ከቢሮው አትውጪ።