ሰኔ ላይ አበባ የሚያራግፍ ቲማቲም፣ የገረጣ ሎሚ፦ የጓሮ ጥያቄዎቻችሁ

አብዛኞቹ የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ለደጋ የተነገረ ምክር ድሬዳዋ ላይ ከመሞከር የመጡ ናቸው። «በረሃ ላይ ምን ይበቅላል» የሚሉትን አልቀበልም። የከተማችንን ሙቀትና ውኃ ያወቀ ሰው ጓሮው አያሳፍረውም።

«ቲማቲሜ ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ለምለም ነው፤ አበባውን ግን ያራግፋል። ማዳበሪያ ብጨምር ባሰበት። ምን በደልኩት?» (ከሳቢያን)

ምንም አልበደሉትም፤ ያለ ወቅቱ ነው የተከሉት። የቀኑ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያልፍ፣ ሌሊቱም ከ21 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲያድር የቲማቲም አበባ ብናኝ ይመክናል። ያልጸነሰው አበባ ከአንገቱ ተቆርጦ ይወድቃል። የእኛ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ከዚህ ልክ በላይ ናቸው። ማዳበሪያው፣ በተለይ ዩሪያ ከሆነ፣ ቅጠል ያበዛል እንጂ ፍሬ አያመጣምና ያቁሙት። ያለውን ተክል ከቀትር ፀሐይ በጆንያ ከልለው፣ ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍነው ማቆየት ይችላሉ፤ ብዙ ግን አይጠብቁበት።

ተስፋዎን በመስከረም ላይ ይጣሉ። በወሩ አጋማሽ ችግኝ ያፍሉ፣ በጥቅምት መጨረሻ ወደ መደቡ ያዛውሩ። አበባው ቀዝቀዝ ባሉት ወራት ይወጣል፣ ከጥር ጀምሮ ቀይ ፍሬ ይለቅማሉ። ያኔ ውኃውን አያዛንፉበት። ሦስት ቀን አስጠምቶ በአራተኛው ማጥለቅለቅ የፍሬውን ታች ያጠቁረዋል። ብዙ ሰው በሽታ መስሎት መድኃኒት ይረጫል፤ ነገሩ ግን ካልሲየም ከውኃው ጋር ወደ ፍሬው ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ጥቂት ጥቂት፣ ሳያቋርጡ ማጠጣት ይበቃዋል።

«የሎሚ ዛፌ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ነው። ጎረቤቴ አመድ ጨምሪበት አለችኝ።» (ከለገሃሬ)

እህቴ፣ አመዱን ይተዉት! ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቁታል፤ የድሬዳዋ የጉድጓድ ውኃ ኖራው ብዙ ነው። ዓመት ከዓመት ያንን ውኃ ሲጠጣ የኖረ አፈር ብረት ቢኖረውም የሎሚው ሥር ሊወስደው አይችልም፤ ብረት ያጣ ዛፍ ደግሞ ልክ እርስዎ እንዳዩት ከለጋው ቅጠል ጀምሮ ይገረጣል። አመድ ይህንኑ ያባብሰዋል። የበሰበሰ ፍግ ከግንዱ ራቅ አድርገው፣ የቅርንጫፉ ጥላ በሚያርፍበት ዙሪያ በየዓመቱ ይጨምሩ። የልብስ እጣቢም አይድፉበት።

ዝናብ ሲመጣ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውኃ በበርሜል ያጠራቅሙ፤ ኖራ የለበትም። በርሜሉን ግን በጥብቅ ይክደኑት። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ቺኩንጉንያ በዚህች ከተማ ስንቱን አልጋ ላይ እንዳዋለ አንረሳም። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትናከስ፣ በየቤቱ በተጠራቀመ ውኃ የምትራባ ናት። ለሎሚ ሲባል ሰፈር መታመም የለበትም።

«ፓፓያዬ ሁልጊዜ ያብባል፤ አንድም ፍሬ አልያዘም።» (ከገንደ ቆሬ)

አበባው በረጅም ዘንግ ላይ ተንዠርግጎ ከሆነ ወንዴ ነው፤ የሴቴዋ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። በሚቀጥለው በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ይትከሉ፤ ሲያብቡ ሴቴዋን አስቀርተው ሌላውን ይንቀሉ። ለአሥር ያህል ሴቴ አንድ ወንዴ ይበቃል፣ የጎረቤትም ቢሆን።

«የሰፈር ፍየል አስመረረኝ።» (ስፍራው ያልተጠቀሰ)

አጥርዎን በቅንጭብ ይክበቡት። ፍየል አይደፍረውም፣ ውኃም ብዙ አይፈልግም። ሲቆርጡት የሚፈሰው ወተት ዓይን ስለሚጎዳ ልጆችን ያርቁ።

«የምኖረው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። ግቢያችን ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ መሬት የለንም።» (ከሐረር)

ሐረር ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለችና እዚህ በሙቀት ቶሎ አብቦ የሚመርረው ሰላጣ ለእርስዎ ይታዘዛል። ጆንያ በአፈርና በበሰበሰ ፍግ ይሙሉ፤ ውኃው እስከ ታች እንዲዘልቅ መሐሉ ላይ ጠጠር ያቁሙበት። ጎኑን በስለት ቀድደው ቆስጣና ሰላጣ ይሰኩበት። ቆስጣውን ከሥሩ አይንቀሉት፤ የውጭውን ቅጠል ብቻ ከቆረጡ ለወራት ይመግብዎታል።

«ባለቤቴ ‹ከቀፊራ ገዝተን መብላት ይሻላል፣ የውኃው ዋጋም ልፋቱም አያዋጣም› ይላል። እውነት ነው?» (ከመልካ ጀብዱ)

በሽንኩርት ከሆነ እውነቱን ነው፤ ቦታ ይይዛል፣ ወራት ያስጠብቃል፣ ገበያ ላይም ሞልቷል። በናና፣ በቃሪያ፣ በሽፈራውና በባሚያ ግን አልስማማም። በተለይ ባሚያ! ቲማቲሙ አበባ በሚያራግፍበት ወር እሱ ያፈራል። ጠዋት ወጥተው አበባውን ይዩት፤ ቅቤ የመሰለ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ መሐሉ ጥቁር ቀይ። ከሰዓት በኋላ ይከደናል፣ በዚያው ቦታ ፍሬው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጣት ሳያክል፣ ገና ለስላሳ ሳለ ይቆረጣል፤ ሁለት ቀን ከረሱት ክር ብቻ ይሆናል። ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኘው እንደዚያ የጠነከረውን ነው፤ ለጋውን የሚያገኝ የተከለ ሰው ነው። ስለዚህ ከባለቤትዎ ጋር በሂሳብ አይከራከሩ፤ ጠዋት ቆርጠው ለምሳ በሥጋ ሠርተው ያቅርቡላቸው። ዘሩን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያሳድሩት፣ በማግስቱ አንድ ክንድ ያህል አራርቀው ይዝሩት፤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ መቁረጥ ይጀምራሉ።