ናኖቱዩብ ውስጥ የገባ ውሃ ላይ ለምትሠሩ ልጆች

ናኖቱዩብ (ከካርቦን አተሞች የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ) ውስጥ ያለ ውሃን በኮምፒውተር አስመስለው ከሚያሰሉ ወጣቶች «ሲሙሌሽኑን አስኬጄ የውሃው ሞለኪውል ንዝረት አልታይ አለኝ» የሚል ጥያቄ ይመጣልኛል። መልሴ ሁሌም ጥያቄ ነው። ሞዴልህ ሞለኪውሉ እንዲነዝር ፈቅዶለታል?

ቀልዴን አይደለም። ቲፕ3ፒ እና ኤስፒሲ/ኢ የሚባሉት የውሃ ሞዴሎች በተለመደው አጠቃቀማቸው የኦክስጅንና የሃይድሮጅንን ቦንድ (ትስስር) ግትር አድርገው ይይዙታል። ለውሃ ፍሰት አሪፍ ናቸው። የቦንዱን ንዝረት ግን ወር ሙሉ ብታስኬዱም አታገኙትም፣ የለማ! ቦንዱ የሚለጠጥበት ሞዴል ውሰዱ።

ለምን ልፋቱ? በጠባብ ቱቦ ውስጥ፣ ለምሳሌ 0.8 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ ስፋት ባለው፣ የውሃ ሞለኪውሎች እንደ ታክሲ ሰልፍ አንድ በአንድ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ በአንዱ ሃይድሮጅኑ ጎረቤቱን ይይዛል፣ ሌላኛው ነፃ ሆኖ ወደ ግድግዳው ያያል። ጎረቤት የያዘው ቦንድ ስለሚላላ ቀስ ብሎ ይነዝራል፣ ነፃው ይፈጥናል። ስለዚህ በፈሳሽ ውሃ ስፔክትረም (የትኛው ንዝረት ምን ያህል እንዳለ የሚያሳይ ግራፍ) ላይ ተደበላልቆ በሴንቲሜትር 3,400 ሞገድ (የንዝረት ፍጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ እንደ ሰፊ ጉብታ የሚታየው ነገር እዚህ ለሁለት ይከፈላል። እኔን እስካሁን የሚያስደስተኝ ይሄ ነው።

አንዱ ንዝረት 10 ፌምቶሰከንድ እንኳ አይሞላም (አንድ ፒኮሰከንድ 1,000 ፌምቶሰከንድ ነው)። በየፒኮሰከንዱ ፋይል የምታስቀምጡ ከሆነ በሁለቱ መሃል መቶ ያህል ንዝረት አመለጣችሁ ማለት ነው። ለስፔክትረም የሚሆነውን አጭር ክፍል በየ1 ወይም 2 ፌምቶሰከንዱ መዝግቡ፣ ሌላውን አራርቃችሁ መዝግቡ፣ ዲስካችሁም ይተርፋል። (መብራት ሲጠፋ ካቆመበት እንዲቀጥል የሪስታርት ፋይል አትርሱ።)

በስፔክትረሙ ላይ የጉብታዎቹን ጫፍ ትክክለኛ ቦታ ግን ብዙ አትመኑ። የዚህ ንዝረት የአንድ ኳንተም ጉልበት በክፍል ሙቀት ካለው የሙቀት ጉልበት 17 እጥፍ ያህል ነው፣ ሲሙሌሽኑ አተሞቹን የሚያንቀሳቅስበት የኒውተን ስሌት ደግሞ ኳንተም አያውቅም። በዚያው ሞዴል ቱቦ ውስጥ ያልገባ ፈሳሽ ውሃንም አስሉና በሁለቱ መሃል ያለውን ልዩነት እዩ።

ደግሞ የቱቦውን ካርቦኖች ቦታቸው ላይ አትቸንክሯቸው። በ2017 በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 1.05 ናኖሜትር ቱቦ ውስጥ ያለ ውሃ ከ105 እስከ 151 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ውስጥ እንደሚረጋና እንደሚቀልጥ አሳዩ፤ ውሃ በሚፈላበት ሙቀት ማለት ነው። ያወቁት ቱቦው ራሱ ሰፋ ጠበብ የሚልበትን ንዝረት በራማን ስፔክትሮስኮፒ (ንዝረትን በሌዘር ብርሃን የሚለካ ዘዴ) ለክተው ነው፣ ለውጡ በሴንቲሜትር ከ2 እስከ 5 ሞገድ ብቻ ነበር። ግድግዳውን ቸንክራችሁት ከሆነ ይሄን ከየት ታመጡታላችሁ?