የሚሊኒየሙ ዋዜማ ፋይል

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተለማማጅ «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ አዲሱን ቨርዥን ጫን እያለኝ ነው፤ እሺ ልበለው?» አለችኝ። «እሺ በይው» ብያት ሻዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

1999 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ረቂቅ ያለው ሁሉ ለሚሊኒየሙ ላድርስ የሚልበት፣ ማተሚያ ቤት ደጃፍ ሰው የሚጋፋበት ጊዜ። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ አርታኢ ነበርኩ። የያዝኩት የአንድ ጡረተኛ መምህር ሥራ ነው፤ በአምስት ደብተር ጽፈውት ታይፒስታችን ኮምፒውተር ላይ ለቅማዋለች። ሦስት ወር አብረን ስክሪኑ ላይ አረምነው። ቡናቸውን በጨው ነበር የሚጠጡት፤ ለእኔም ሊያስለምዱኝ ሞክረው አልሆነም።

ሐምሌ መጨረሻ ቢሮው ኮምፒውተሮቹን አሳደሰ። ፋይሉን ስከፍት ገጹ በሙሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ሆኗል። ደነገጥኩ። ሁሉንም መረጥኩና አንድ የግዕዝ ፎንት ሰጠሁት። አማርኛ ብቅ ሲል ሳላነብ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁ።

ዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር መዝገብ፣ ፊደላችንን በ345 ቁምፊዎች የተቀበለው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ሰጥቶ። እኛ ግን ገና በድሮዎቹ ፎንቶች ነበርን። እነሱ የሚያስቀምጡት ፊደላችንን በላቲኑ ቁጥር፣ በላቲኑ ወንበር ላይ ነው፤ ፎንቱ ሲጠፋ ብቅ የሚለው ላቲኑ ነው። ከእነሱ አንዱ ፎንት ከ256 በላይ ወንበር ስላልነበረው የእኛው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በአንዱ ወንበር ላይ በመጀመሪያው ፎንት እንበል «ሰ»፣ በሁለተኛው «ጰ» ይቀመጣል። የሚለያቸው የፎንቱ ስም ብቻ። ያን ስም እኔ በአንድ ምት አጠፋሁት። የትኛው «ሰ» ድሮ «ጰ» እንደነበር ከዚያ ወዲያ ማሽኑም አያውቅም።

ይህ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ያን ዕለት ግን ታይፒስቷን ጠርቼ በሰው ፊት ጮህኩባት። «እኔ አልነካሁትም ጋሼ» አለች፤ አንዴ ብቻ። ደብተሮቹን ተቀብላ እያመሸች እንደ አዲስ ለቀመችው። የሦስት ወሩ እርማት ደብተር ላይ አልነበረምና መምህሩና እኔ ከትዝታችን ለቃቀምነው። ጳጉሜ ላይ ሥራውን ለቀቀች።

ኮፒ ያዙ አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። «ክላውድ ላይ አለ» ስትሉ ግን እስቃለሁ፤ ያን የተበላሸ ሴቬን ክላውዱም ተከትሎ ይደግመው ነበር። ፕሮግራም ሲቀየር ኮፒውን ክፈቱ፤ ዝባዝንኬ ከመጣ ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉ። እናንተ ትችኩላላችሁ። እኔስ? ስልኬ ሌሊት ሌሊት ራሱን ሲያድስ አንድ ቀን ከልክዬው አላውቅም።

መጽሐፉ ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ወጣ። መምህሩ በምስጋናው ገጽ አርታኢውን በስም አንስተዋል። የታይፒስቷ ስም የለም። ያን ገጽ ለመጨረሻ ጊዜ ያረምኩት እኔ ነኝ።