የወሊድ ፈቃድሽ ሊያልቅ ሲል ልጁን ማን ይያዘው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ ሁለት ወሩ ነው፣ ፈቃድሽ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል፣ አንቺም ባልሽም ቤት የምትገቡት ከመሸ ነው። ሞግዚት ልቅጠር፣ እናቴን ከደሴ ላምጣ ወይስ የሕፃናት ማቆያ ላስገባው ብለሻል። ጠዋት ጥዬው ስወጣ ሲያለቅስ ምን ላድርግ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ልጆች ሥራ እየሠራሁ አሳድጌያለሁ፤ ሦስቱንም መንገድ አይቼዋለሁ።

የትኛውንም ብትመርጪ ለሕፃኑ ዋናው ነገር የሚይዘው ሰው አለመቀያየሩ ነው። በየሁለት ወሩ አዲስ ፊት፣ አዲስ ጠረን፣ አዲስ አያያዝ ከሆነበት ልጁ ይረበሻል፤ እንቅልፉም ምግቡም ይዛባል። ስለዚህ ጥሩ ሰው ለማግኘት የምትደክሚውን ያህል ያገኘሻት እንድትቆይም ድከሚ።

ለዚህ ዕድሜ እኔ ሞግዚት ነው የምለው። ጨቅላ ልጅ አቅፎ በጠዋት ብርድ ታክሲ መጋፋት ከባድ ነው፤ ማቆያ ውስጥ ደግሞ አንዱ ሲያስነጥስ ሁሉም ነው የሚታመመው። ታዲያ ፍለጋውን ዛሬ ጀምሪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ ያለሽ ፈቃድ 90 ቀን ነው። ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድ ካለ አስከትዪበት፤ ቀድመሽ ከአለቃሽ ጋር ተነጋገሪ።

ደላላ ክፉ ነው አልልም፤ ብዙ ሰው በደላላ ጥሩ ልጅ አግኝቷል። ግን ደላላ ኮሚሽን የሚያገኘው ሰው በተቀየረ ቁጥር ነው። እኔ የምመክርሽ በሰው በሰው እንድትፈልጊ ነው። መስከረም ላይ ልጃቸውን ኬጂ የሚያስገቡ እናቶች ሞግዚታቸውን የሚያሰናብቱበት ጊዜ አለ። ሰፈርሽ ያሉትን ኬጂዎች ዘበኞች፣ ጎረቤትሽን፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰዎችን ጠይቂ። የቀድሞ አሠሪዋን ራስሽ ደውለሽ አነጋግሪ። መታወቂያና ተያዥ ያለማመንታት ጠይቂ፤ ነውር የለውም። ዕድሜዋንም አረጋግጪ። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ እኔ ግን 18 ላልሞላት ልጅም አራስ አልሰጥም፣ ራሷ ገና ልጅ ናትና። ዓረብ አገር ለመሄድ አስባ እንደሆነም በፍቅር ጠይቂያት። ብዙዎቹ ሂደቱ እስኪያልቅላቸው ነው የሚገቡት፤ ፊት ለፊት ከተነጋገራችሁ ቢያንስ ቀድማ ትነግርሻለች።

አንዴ ከገባች ቢያንስ ሦስት ሳምንት አብራችሁ ዋሉ። መጀመሪያ አንቺ ስታጥቢውና ስታስተኚው እሷ ትመልከት። ከዚያ እሷ ታድርግ፣ አንቺ አጠገቧ ሁኚ። በመጨረሻው ሳምንት ለሁለት ለሦስት ሰዓት ውጪ። ልጁም የእሷን ድምፅ ይለምዳል፣ አንቺም አያያዟን ታያለሽ።

አሁን ብዙ ቤት የሚበላሽበት ጉዳይ ላይ ልምጣ። ልጅም ትያዝ፣ ልብስም ትጠብ፣ እንጀራም ትጋግር፣ ቤትም ትወልውል ከተባለ የሚጎዳው ልጁ ነው። ሲያለቅስ እጇ በሳሙና ነው። አቅምሽ ከፈቀደ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ለልብስና ለጽዳት ተመላላሽ ያዢ፤ ካልፈቀደ እንጀራውን ግዢ፣ ልብሱን ቅዳሜ ከባልሽ ጋር እጠቡ። ደመወዟን ከሰፈሩ ትንሽ ከፍ አድርጊ፣ ቀኑንም አታሳልፊ። እሑድ የእሷ ቀን ትሁን። የማታ ትምህርት መማር ከፈለገች አንቺ ስትገቢ እሷ ትውጣ፤ የእኔዋ ለዓመታት የቆየችው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከምትበሉት ትብላ፣ ከቤተሰቡ ጋር ትቀመጥ። ልጅሽን አምነሽ ሰጥተሻት እንጀራ አትቆጥሪባት።

የእኔዋ ስትገባ ማንበብ ብዙም አትችልም ነበር። ግድግዳ ላይ ትልቅ ካላንደር ሰቀልንና እስክሪብቶ በክር አሰርንበት። ልጁ ጡጦ በጠጣ ቁጥር በዕለቱ ቁጥር ሥር አንድ ሰረዝ ታሰምራለች፣ ካካ ካለ ክብ፣ ከተኛ የጨረቃ ቅርጽ። ማታ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ እሱን አያለሁ። አንድ ቀን ሰረዙ አንሶ ክቡ ሲበዛ ሳልጠይቃት ገባኝ፤ በዚያው ምሽት ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ስልክ ላይ ፎቶ መላኩም ጥሩ ነው፤ ይሄ ግን ቀኑን ሙሉ ያሳይሻል።

ስለ ጡቱ አትጨነቂ፣ ስድስት ወር እስኪሞላው በታለበ የጡት ወተት መቀጠል ይቻላል። የታለበው ወተት ቤት ውስጥ ካልሞቀ ቦታ እስከ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ዕቃው ላይ ቀኑን ጻፊበት። ቢሮ የምታልቢውን በረዶ ባለበት ቦርሳ ይዘሽ ግቢ። ሞግዚቷ እሳት ላይ እንዳትጥደው፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጣ ታሙቀው፣ ከጠጣው የተረፈውንም ለሌላ ጊዜ አታቆየው።

እናትሽን በተመለከተ፣ አምጫቸው፤ ግን በሞግዚት ቦታ አታስቀምጫቸው። እሳቸው እዚያ ዕድር አላቸው፣ ማኅበር አላቸው፣ ጎረቤት አላቸው። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ቀኑን ሙሉ ከሕፃን ጋር መዘጋት ለጉልበታቸውም ለመንፈሳቸውም ይከብዳል። ሥራ የምትጀምሪበትን ወር ይሁኑልሽ። ያኔ ሞግዚቷ ብቻዋን አትሆንም፣ አንቺም ቢሮ ልብሽ ያርፋል። ከመምጣታቸው በፊት አንድ ነገር በአክብሮት ተስማሚ፦ ስድስት ወር ሳይሞላው ቅቤም፣ የአብሽ ውኃም፣ ሌላ ነገርም አይቅመስ። ይህን ለእናት መንገር ያለበት ልጅ እንጂ ሞግዚት አይደለችም። አለበለዚያ ሁለቱ መሀል ቅሬታ ይገባና ሞግዚቷ ጥላሽ ትሄዳለች።

ሌላው፣ ሁልጊዜ ሁለተኛ ሰው ይኑርሽ። መስቀል ሲደርስ የጉራጌ ልጅ አገር ቤት መግባቷ አይቀርም። የወላይታዋም ለጊፋታ ትሄዳለች። ልቅሶም አለ፣ ሕመምም አለ። ልጁ ፊቷን የሚያውቃት ጎረቤት ወይም ዘመድ አሁኑኑ አስለምጂው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሁለት ሰዓት ትያዘው። እኔ ከጎረቤቴ ጋር ተራ ገብተን ነበር፤ የእሷ ሞግዚት ስትሄድ የእኔዋ ሁለቱን ትይዛለች፣ የእኔዋ ስትሄድም እንደዚያው። ሞግዚቷም ፈቃድ ስትጠይቅ ፊትሽ አይጠቁርባትም።

ማቆያውን ዓመት ከሞላው በኋላ አስቢበት፤ ያኔ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት ይጠቅመዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆንሽ ግን አሁንም ቢሆን የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቂ። የ2010ሩ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ተቋማት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ስለነበር፣ በርከት ያሉ መሥሪያ ቤቶች ከፍተዋል። ከቢሮሽ በታች ማቆያ ካለ እየወረድሽ ማጥባት ትችያለሽ፤ ያኔ ምክሬን እለውጣለሁ፣ እሱን ያዢ። የግል ከሆነ ሳትደውዪ ስድስት ሰዓት አካባቢ ሂጂ። ልጆቹ በልተው የሚተኙበት ሰዓት ነውና ብዙ ነገር ይታያል። የሚያለቅሰውን ማን ያነሳዋል? አንዲት ተንከባካቢ ስንት ሕፃን ይዛለች? ውኃ በፈረቃ ሲጠፋ ከየት ይቀዳሉ? ተንከባካቢዎቹ እዚያ ከሠሩ ስንት ጊዜ ሆናቸው? በየጊዜው የሚቀያየሩ ከሆነ ግድግዳው በሥዕል ቢያምርም አታስገቢው። የሚዘጉበትን ሰዓትም ከቢሮ ስትመለሺ ካለው የመንገድ መጨናነቅ ጋር አስሊው።

ጠዋት ሲያለቅስ ተደብቀሽ አትውጪ። አሁን ብዙም ላያስተውል ይችላል፤ ስምንት ዘጠኝ ወር ሲሆነው ግን እናቱ ሳታስበው የምትጠፋ ከመሰለው ቀኑን ሙሉ በር በር ያያል። ሳሚው፣ «ማታ እመጣለሁ» በዪው፣ ለሞግዚቷ ስጫትና ውጪ። ቻው ብለሽ አትመለሺ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደውዪላት፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ እየተጫወተ ነው የምታገኚው። የምትኖሪበትን ሰፈር በውስጥ ጻፊልኝ፤ መስከረም ላይ ልጇን ኬጂ የምታስገባ የማውቃት እናት ካለች አገናኝሻለሁ።