ዝናቡን አትሰርዘው
ወዳጄ፣ «ልብ ወለዴን በዝናብ ገለጻ ብጀምር አንባቢ ይሸሸኛል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አየሩ በራሱ ጥፋት የለበትም። ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመው «1984» የተባለ ልብ ወለድ የሚጀምረው በብሩህና ቀዝቃዛ ቀን ነው፤ ነገር ግን በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰዓቶቹ አሥራ ሦስት ይደውላሉ። አንባቢው ገና ከማንም ጋር ሳይተዋወቅ፣ ይህ እኔ የማውቀው ዓለም አይደለም ብሎ ይነቃል። ሥራውን ሁሉ የሠራችው አንዲት ቁጥር ናት።

የመጀመሪያው መስመር ከታሪኩ ይልቅ የሚያስተዋውቀው ተራኪውን ይመስለኛል፤ ቀልደኛ ነው? የሚደብቀው ነገር አለ? ይቸኩላል? አንባቢ ቀጣዮቹን ገጾች የሚሰማው በዚያ ድምፅ ነው። በፌዝ ጀምሮ፣ ያለ ምንም ምልክት በሦስተኛው ገጽ እዬዬ የሚል መጽሐፍ እንደተታለልኩ ያህል ያናድደኛል። በፍንዳታና በሬሳ መክፈትም ግዴታ አይደለም (እኔን እንዲያውም ይሰለቸኛል)።

ስለዚህ ዝናቡን ተወው፤ ግን በመስኮት የሚያየው ማን እንደሆነና ለምን እንደከፋው እዚያው ጠቆም አድርግ። እምቢ ካለህ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሸፍነህ ከሁለተኛው ጀምረህ አንብበው። የእኔ ረቂቆች እውነተኛ መነሻቸው ብዙ ጊዜ እዚያ ተደብቆ ይገኛል።